ስለ ሊቁ ስለ ሲልቨስተር፤ ለመለያው ቍጥር ስም ስላወጣው ሰው

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሁለት ዐይነት ፈተና ያገኘዋል። አንደኛው በትምህርት ቤት በወረቀትና በቀለም የሚፈተነው ነው፤ ሁለተኛው ግን በኑሮው መንገድ ላይ ሳያስበው የሚመጣበት ነው። ለአንደኛው ፈተና አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል፤ ቀኑም ሰዓቱም ይታወቃል። ሁለተኛው ፈተና ግን ቀን አይቀጥርም፤ ሰው በልቡ ያለውን እውነት ጠብቆ ይገኝ እንደ ሆነ በድንገት ይጠይቀዋል። አሁን ታሪኩን የምታነቡት ሰው በሁለቱም ፈተና የተፈተነ፥ በሁለቱም የጸና ነው። ስሙም ጄምስ ጆሴፍ ሲልቨስተር ይባላል። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሲልቨስተር በ1814 ዓመት፥ ሴፕቴምበር 3 ቀን፥ በእንግሊዝ አገር ዋና ከተማ በሎንዶን ተወለደ። ወላጆቹ በሃይማኖታቸው አይሁድ ነበሩ፤ አባቱም አብርሃም ጆሴፍ የሚባል ነጋዴ ነበረ። ልጁ በመጀመሪያ የተጠራው ጄምስ ጆሴፍ ተብሎ ብቻ ነው። ሲልቨስተር የሚለውን ስም ታላቅ ወንድሙ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ለራሱ አወጣው፤ ከዚያም በኋላ ጄምስ ይህንኑ ስም ተቀብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ተጠራበት።

ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቍጥር ይወድ ነበር። ገና 14 ዓመት ሲሆነው በሎንዶን አዲስ ወደ ተከፈተው ኮሌጅ ገብቶ ደ ሞርጋን ከሚባለው ከታወቀው የሒሳብ መምህር ዘንድ ተማረ። ነገር ግን በዚያ ብዙ አልቆየም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሊቨርፑል ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ተላከ። በሊቨርፑል ሳለ በሒሳብ ትምህርት ከጓደኞቹ ሁሉ በለጠ። ብዙዎቹ ልጆች ግን በዕውቀቱ ከማድነቅ ይልቅ በአይሁድነቱ ያፌዙበት ነበር። ፌዙ ቢበዛበት አንድ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ወደ አየርላንድ፥ ወደ ደብሊን ከተማ ኮበለለ፤ በዚያም አንድ ዘመዱ የሆነ ሰው አግኝቶት ወደ ትምህርቱ መለሰው። ልጆች ሆይ፥ በትምህርት ቤት የሚነገር የፌዝ ቃል ለተናጋሪው የአንድ አፍታ ሣቅ ነው፤ ለሚሰማው ግን አገር የሚያስለቅቅ ሕመም መሆኑን ከዚህ አስተውሉ።

በ1831 ዓመት፥ ዕድሜው 17 ሲሆን፥ ካምብሪጅ ወደሚባለው ወደ ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በመካከሉ ሕመም ስላገኘው ትምህርቱን እያቋረጠ እንደ ገና ይቀጥል ነበር። በመጨረሻ በ1837 ዓመት ለተማሪዎች ሁሉ የሚሰጠውን የሒሳብ ፈተና ተፈተነ። ያ ፈተና ለብዙ ቀን የሚቆይ፥ በእንግሊዝ አገር ከሁሉ ይልቅ የሚፈራ ነበረ። ሲልቨስተርም ከተፈተኑት ሁሉ ሁለተኛ ሆነ። በዚህ ማዕርግ ያለፈ ሰው ወዲያው የዲግሪውን ወረቀት ተቀብሎ፥ ለመምህርነት ታጭቶ፥ በክብር መኖር የተለመደ ነበረ።

ነገር ግን በዚያ ዘመን አንድ ሕግ ነበረ። በካምብሪጅ ዲግሪ የሚቀበል ሰው ሁሉ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዘጠኙን የሃይማኖት አንቀጾች አምናለሁ ብሎ መፈረም ይገባው ነበር። ሲልቨስተር አይሁዳዊ ነው፤ አንቀጾቹን አያምንም። እንግዲህ ሁለተኛው ፈተና ይህ ነው። ብዕሩን አንሥቶ ስሙን ቢጽፍ ዲግሪውን ያገኛል፤ ሽልማቱና መምህርነቱም ይከተላሉ። በወረቀት ላይ አንድ መስመር መጻፍ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። በልቡ ያለውንም መርምሮ የሚያውቅበት ሰው የለም። ሲልቨስተር ግን የማያምነውን አምናለሁ ብሎ አልፈረመም። ስለዚህ የስድስት ዓመት ድካም ደክሞ፥ ፈተናውን በሁለተኛነት አልፎ፥ ባዶ እጁን ከካምብሪጅ ወጣ። ለተሻሉት ተማሪዎች በተዘጋጀው በሌላው የሽልማት ፈተናም እንዲወዳደር አልተፈቀደለትም።

እኛ ክርስቲያኖች ስንሆን የአይሁዳዊን ሰው ጽናት ለምን እናመሰግናለን የሚል ልጅ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። በሐሰት የተፈረመ የሃይማኖት ቃል እግዚአብሔርን አያከብረውም፤ ፈራሚውንም ያረክሰዋል። ስለ ጥቅም ብሎ በእግዚአብሔር ስም የሚዋሽ ሰው በሌላ ነገር ሁሉ ሊታመን አይችልም። እውነተኛ ሰው ግን በየትኛውም ወገን ቢገኝ የተከበረ ነው።

በሎንዶን የነበረው ኮሌጅ ማንንም ስለ ሃይማኖቱ አይጠይቅም ነበርና በ1838 ዓመት ሲልቨስተር በዚያ መምህር ሆነ፤ የቀድሞ መምህሩ ደ ሞርጋንም ባልንጀራው ሆነ። በ1839 ዓመት፥ ገና 25 ዓመት ሳይሞላው፥ ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር አባል አድርጎ መረጠው። በ1841 ዓመት ደግሞ በደብሊን ያለው ትሪኒቲ ኮሌጅ ካምብሪጅ የከለከለውን ዲግሪ ሰጠው። በልጅነቱ ተሰዶ የኮበለለባት ከተማ እንዲህ ክብሩን መለሰችለት።

በዚያው በ1841 ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ተቀጠረ። በዚያ ግን ሥርዓት ከማይጠብቁ ተማሪዎች ጋር ተጣላ፤ የዩኒቨርሲቲው መምህራንም እንደ ፈለገው ስላልደገፉት ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ሥራውን ለቀቀ። በኒው ዮርክም ቦታ ቢፈልግ አላገኘም። በ1843 ዓመት ያለ ሥራና ያለ ተስፋ ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ለሕይወት ዋስትና ኩባንያ ሒሳብ እየሠራ ኖረ። የዚህ ኩባንያ ሥራ እንዲህ ነው፤ ሰዎች በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላሉ፥ ከእነርሱም አንዱ ሲሞት ኩባንያው ለሚስቱና ለልጆቹ ብዙ ገንዘብ ይሰጣል። እያንዳንዱ ሰው በየዓመቱ ስንት ሊከፍል እንደሚገባው በሒሳብ ማስላት የሲልቨስተር ሥራ ነበር። ከዚህም ጋር የሕግ ትምህርት ተምሮ በ1850 ዓመት ጠበቃ ሆነ። ቀን ለእንጀራው ይሠራል፤ ከሥራው የተረፈችውን ሰዓት ለሚወዳት ሒሳብ ይሰጣል። ስላጣው ማዕርግ እያዘነ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

በሕጉም ሥራ ላይ ሳለ አርተር ኬይሊ የሚባል ሌላ ጠበቃ አገኘ። ኬይሊ በዕድሜ ከሲልቨስተር በሰባት ዓመት ያንሳል፤ በሃይማኖቱም ክርስቲያን ነበረ። በጠባይም አይመሳሰሉም፤ ኬይሊ ዝምተኛና ትዕግሥተኛ ነው፥ ሲልቨስተር ግን ተናጋሪና ቶሎ የሚቈጣ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ለሒሳብ ያላቸው ፍቅር ነበረ። በፍርድ ቤቱ አጠገብ እየተመላለሱ ስለ ቍጥር ይነጋገሩ ነበር፤ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ሳይሰውር ይነግረው ነበር። ይህ ወዳጅነት ኬይሊ በ1895 ዓመት እስኪሞት ድረስ ቆየ። ሲልቨስተር በ1851 ዓመት ዲስክሪሚናንት የሚለውን ስም ያወጣው በዚህ ዘመን ነው። ትርጓሜው መለያ ማለት ነው። ይህ መለያ ምን እንደ ሆነ አሁን በምሳሌ እንመልከት።

አንድ ገበሬ 20 ክንድ ርዝመት ያለው ገመድ አለው እንበል። በዚህ ገመድ ዙሪያውን ከልሎ አራት ማዕዘን የሆነ የአትክልት ቦታ ሊያበጅ ይፈልጋል። ገመዱ ሁለት ርዝመትና ሁለት ወርድ ስለሚከብብ አንዱ ርዝመትና አንዱ ወርድ ሲደመሩ የገመዱን እኩሌታ፥ ማለት 10 ክንድ ይሆናሉ። ርዝመቱ 9 ቢሆን ወርዱ 1 ነው፤ ስፋቱም 9 ጊዜ 1፥ ማለት 9 ይሆናል። ርዝመቱ 8 ቢሆን ወርዱ 2፥ ስፋቱ 16 ነው። ርዝመቱ 7 ቢሆን ወርዱ 3፥ ስፋቱ 21 ነው። ርዝመቱ 6 ቢሆን ወርዱ 4፥ ስፋቱ 24 ነው። ርዝመቱና ወርዱ እኩል 5 ቢሆኑ ስፋቱ 25 ነው። እነሆ፥ ገመዱ አንድ ሲሆን የቦታው ስፋት ግን ይለያያል።

አሁን ገበሬው ስፋቱ ልክ 21 የሆነ ቦታ እፈልጋለሁ ቢል ይቻላልን? ልክ 25 ቢልስ? ልክ 26 ቢልስ? እያንዳንዱን ቍጥር እየሞከሩ መድከም አያስፈልግም፤ አንድ አጭር ሒሳብ ይበቃል። የርዝመቱንና የወርዱን ድምር፥ ማለት 10ን፥ በራሱ አባዙት፤ 100 ይሆናል። ከዚህ ላይ የተፈለገውን ስፋት አራት እጥፍ ቀንሱ። የቀረው ቍጥር መለያው ነው።

ለ21 ብንሠራ፥ 21 ጊዜ 4 ማለት 84 ነው፤ ከ100 ላይ 84 ሲቀነስ 16 ይቀራል። መለያው ከዜሮ በላይ ስለ ሆነ ሁለት መልስ አለ። በራሱ ተባዝቶ 16 የሚሆነው ቍጥር 4 ነው። 4ን በ10 ላይ ደምራችሁ 14፥ እኩሌታው 7 ነው፤ 4ን ከ10 ላይ ቀንሳችሁ 6፥ እኩሌታው 3 ነው። መልሶቹ 7 እና 3 ናቸው። ለ25 ብንሠራ፥ 25 ጊዜ 4 ማለት 100 ነው፤ ከ100 ላይ 100 ሲቀነስ ምንም አይቀርም። መለያው ዜሮ ስለ ሆነ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም 5 ነው። ለ26 ብንሠራ ግን፥ 26 ጊዜ 4 ማለት 104 ነው፤ ይህም ከ100 በ4 ይበልጣል። መለያው ከዜሮ በታች ስለ ወረደ መልስ የለም። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ገመዱን ቢያዟዙር በ20 ክንድ ገመድ 26 ስፋት ያለው ባለ አራት ማዕዘን ቦታ ሊከልል አይችልም።

ይህ እንዴት ሆነ ብትሉ ምክንያቱ ግልጥ ነው። ያ የሚቀረው ቍጥር የርዝመቱና የወርዱ ልዩነት በራሱ የተባዛ ነው። ርዝመቱ 7፥ ወርዱ 3 ሲሆን ልዩነታቸው 4 ነው፤ 4 ጊዜ 4 ደግሞ 16 ነው። ርዝመቱ 6፥ ወርዱ 4 ሲሆን ልዩነታቸው 2፥ በራሱ ተባዝቶ 4 ነው፤ ከ100 ላይ የ24ን አራት እጥፍ፥ ማለት 96ን ብትቀንሱ ያው 4 ይቀራል። በገመድ የሚለካ ማናቸውም ልዩነት በራሱ ሲባዛ ከዜሮ በታች ሊሆን ከቶ አይችልም። ስለዚህ መለያው ከዜሮ በታች ሲወርድ የማይቻል ነገር እንደ ተጠየቀ ወዲያው ይነግረናል።

አሁን ደግሞ ገበሬው ልክ 21 ማለቱን ትቶ፥ ስፋቱ ከ21 ይብለጥ እንጂ የፈለገው ይሁን ቢል፥ መልሱ አንድ ወይም ሁለት ቍጥር አይደለም፤ በሁለት ድንበር መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ነው። ድንበሮቹ ቀድሞ ያገኘናቸው 3 እና 7 ናቸው። አንዱ ጎን ከ3 የሚበልጥ ከ7 የሚያንስ ማናቸውም ቍጥር ቢሆን ስፋቱ ከ21 ይበልጣል፤ በ4 እና በ6 ብትሞክሩ 24፥ በ5 ብትሞክሩ 25 ታገኛላችሁ። በድንበሩ ላይ፥ በ3 እና በ7፥ ልክ 21 ነው እንጂ አይበልጥም። ከድንበሩ ውጭ፥ በ2 ወይም በ8፥ 16 ብቻ ነው። ስለዚህ መለያው ከዜሮ በላይ ሲሆን ቍጥሮችን በሦስት ክፍል ይለያቸዋል፤ ከታችኛው ድንበር በታች፥ በሁለቱ ድንበሮች መካከል፥ ከላይኛው ድንበር በላይ። ሠሪው ከየክፍሉ አንድ አንድ ቍጥር ብቻ ቢሞክር የክፍሉን ሁሉ ጠባይ ያውቃል።

መለያው ዜሮ ሲሆን ሁለቱ ድንበሮች አንድ ይሆናሉ። ስፋቱ ከ25 ይብለጥ የሚል ሰው ምንም አያገኝም፤ በ5 ላይ እኩል ይሆናል እንጂ አይበልጥምና። መለያው ከዜሮ በታች ሲሆን ደግሞ ድንበር ፈጽሞ የለም። ድንበር ከሌለ መልሱ ወይ ሁሉም ነው ወይ ምንም ነው። ስፋቱ ከ26 ይብለጥ ለሚል መልሱ ምንም ነው፤ ስፋቱ ከ26 ይነስ ለሚል ግን በዚያ ገመድ የሚከለል ቦታ ሁሉ መልስ ይሆንለታል። ይበልጣል እና ያንሳል የምንልባቸው ሁለቱ ምልክቶች፥ እንደ ቀስት ጫፍ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያመለክቱት፥ በመጀመሪያ የታተሙት በ1631 ዓመት ነው፤ የታተሙትም ቶማስ ሃሪየት የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ በወጣው መጽሐፉ ነው።

ይህን ሒሳብ ሲልቨስተር ፈጠረው ማለት አይደለም። ባለ ሁለት መልስ ጥያቄን መፍታት የባቢሎን፥ የሕንድና የዐረብ ሊቃውንት ከጥንት ጀምረው ያውቁት ነበር። የሲልቨስተር ሥራ በዚህ ቀላል ጥያቄ ላይ የሚሠራውን መለያ ከዚህ እጅግ ከባድ በሆኑ ጥያቄዎችም ላይ መመርመርና ለሁሉም አንድ ስም መስጠት ነበረ። በ1850 ዓመትም ማትሪክስ የሚለውን ስም አወጣ፤ እርሱም በረድፍና በዐምድ የተሰለፈ የቍጥር ሰንጠረዥ ነው። ያወጣው ስም ስለ በዛ አዳም እንስሳትን ሁሉ በየስማቸው እንደ ጠራ ሲልቨስተርም ራሱን የሒሳብ አዳም እያለ ይቀልድ ነበር። ስም መስጠት ጥቂት ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ስም የሌለው ዕቃ ከቤት ቢጠፋ ምን ብለን እንፈልገዋለን?

ሌላም ታላቅ ሥራ አለው። ኒውተን በ1707 ዓመት በታተመ መጽሐፉ ከባድ ጥያቄዎች ስንት የማይቻል መልስ እንዳላቸው የሚቈጥርበትን ደንብ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ እውነት የሆነበትን ምክንያት አላስረዳም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት ምክንያቱን ፈልገው አጡ። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1865 ዓመት፥ ሲልቨስተር አስረዳው።

በዚህ ጊዜ እርሱ በዉልዊች የጦር ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። ይህን ቦታ በ1854 ዓመት ለምኖ ተከልክሎ ነበር፤ በእርሱ ፈንታ የተመረጠው ሰው በዓመቱ ስለ ሞተ በ1855 ዓመት ተሰጠው። ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ወታደሮችን ሲያስተምር ኖሮ፥ ዕድሜው 55 ሲሆን፥ በትምህርት ቤቱ ደንብ ጡረታ አወጡት። ከዚያ በኋላ የሠራው ነገር አለቀ ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በ1871 ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት በዩኒቨርሲቲዎች የነበረውን የሃይማኖት ፊርማ ሕግ በአዲስ ሕግ ሻረው። በ1872 ዓመት ካምብሪጅ ለሲልቨስተር ዲግሪውን ሰጠው። ፈተናውን ካለፈ 35 ዓመት ሆኖት ነበር። ያ በወጣትነቱ አልፈርምም ብሎ የወጣው ተማሪ፥ ራሱ ሸብቶ፥ አንዲት የሐሰት ቃል ሳይጽፍ የሚገባውን ተቀበለ።

በ1876 ዓመት በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ጆንስ ሆፕኪንስ የሚባል አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተና የሒሳብ መምህር እንዲሆን ጠራው። ደመወዙ በዓመት 5,000 ዶላር ነበረ፤ ሲልቨስተርም በወርቅ እንዲከፈለው ተዋዋለ። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት በኀዘን የለቀቀውን አገር አሁን በክብር ገባበት። በ1878 ዓመት የአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት የሚባለውን ጽሑፍ አቋቋመ፤ ይህም መጽሔት እስከ ዛሬ ይታተማል።

በዚያው ዓመት ክሪስቲን ላድ የምትባል ወጣት ሴት በዩኒቨርሲቲው ልትማር ለመነች። ሴቶች በዚያ እንዲማሩ አይፈቀድም ነበር። ሲልቨስተር ግን በመጽሔት የጻፈቻቸውን የሒሳብ ሥራዎች አይቶ ስለ ነበረ ስሟን ዐወቀው፤ እንድትገባም አጥብቆ ጠየቀላት። ስለ ቃሉም ተፈቀደላት። በ1882 ዓመት ለዶክተርነት የሚያስፈልገውን ሁሉ ፈጸመች፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ሴት ናትና ዲግሪውን ከለከላት። እስከ 1926 ዓመት፥ ማለት 44 ዓመት፥ ቆይቶ ሰጣት። ሲልቨስተር በወጣትነቱ በር ተዘግቶበት በውጭ የቆመ ሰው ነበረና፥ የበሩ መክፈቻ በእጁ በገባ ጊዜ በውጭ የቆመችውን አልረሳትም። በደል የደረሰበት ሰው ሁሉ እንዲህ አያደርግም፤ አንዳንዱ እኔን እንዳስጨነቁኝ እኔም ላስጨንቅ ይላል።

በ1880 ዓመት የሮያል ሶሳይቲን ታላቅ ሜዳልያ ተሸለመ። በ1883 ዓመት መጨረሻ፥ ዕድሜው 69 ሲሆን፥ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሜትሪ መምህር አድርጎ መረጠው። ከሃይማኖት ፊርማው የተነሣ አስቀድሞ ይህን የመሰለ ወንበር ለአይሁዳዊ አይታሰብም ነበር። በኦክስፎርድ ጥቂት ዓመታት አስተምሮ፥ ዐይኑ እየደከመ ስለ ሄደ፥ ወደ ሎንዶን ተመለሰ። በ1897 ዓመት ማርች 15 ቀን፥ በ82 ዓመቱ ዐረፈ። እስከ መጨረሻው ዘመን ድረስ ሒሳብ መሥራት አልተወም። ከሞተም በኋላ ሮያል ሶሳይቲ ለሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጥ ሜዳልያ በስሙ አቋቋመ።

ሲልቨስተር ነቀፋ የሌለበት ሰው አልነበረም። ቶሎ ይቈጣ ነበር፤ ከቍጣው የተነሣ ወዳጅ ያጣበት፥ ሥራም የለቀቀበት ጊዜ ነበረ። ሲያስተምርም ከአሳብ ወደ አሳብ እየዘለለ ተማሪዎቹን ያደክም ነበር። መልካሙን ስንማርለት ይህንም አይተን መጠንቀቅ ይገባናል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ሁለት ዐይነት መለየት አይታችኋል። አንዱ በቍጥር የሚደረገው ነው። እርሱ ለሁሉም አንድ ሒሳብ ይሠራል፤ ሊሆን የሚቻለውን ከማይቻለው በእውነት ይለያል፤ ለማንም አያደላም። ሁለተኛው የካምብሪጅ የጥንት ሕግ ያደረገው ነው። ሒሳብ ላወቀ ሰው የሒሳብ ማዕርግ ሊሰጥ ሲገባው ከሒሳብ ጋር የማይገናኝ ነገር ጠየቀው። እናንተም ነገ መምህር ወይም ዳኛ ወይም የቤት አለቃ ስትሆኑ ሰውን መለየት ግድ ይሆንባችኋል፤ አንዱን መሾም፥ ሌላውን ማስቀረት ይመጣል። ያን ጊዜ ለሥራው በሚገባው መለያ ለዩ እንጂ፥ በዘሩ ወይም በወገኑ አትለዩ። እናንተም ራሳችሁ ያለ አግባብ ብትለዩ፥ የተዘጋውን በር በሐሰት ቃል አትክፈቱት። ሥራችሁን ሥሩ፤ እውነታችሁን ጠብቁ፤ በሩ በተከፈተላችሁም ቀን ለሌላው ክፍት አድርጋችሁ ያዙት።

ጥያቄዎች

1. ሲልቨስተር በ1837 ዓመት ፈተናውን ካለፈ በኋላ ዲግሪውን ያልተቀበለው ስለ ምንድር ነው?

2. 24 ክንድ ገመድ ያለው ሰው ስፋቱ ልክ 32 የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቦታ ሊከልል ቢፈልግ መለያው ስንት ይሆናል? ጎኖቹስ ስንት ስንት ናቸው?

3. በዚሁ ገመድ ስፋቱ ከ32 እንዲበልጥ አንዱ ጎን በየትኞቹ ሁለት ቍጥሮች መካከል መሆን ይገባዋል?

4. በዚሁ ገመድ ስፋቱ ከ40 ይብለጥ ቢል ሊሆን ይችላልን? በመለያው አስረዱ።

5. ሲልቨስተር ክሪስቲን ላድን የረዳት እንዴት ነው? ከራሱ ታሪክ ጋር አስተያዩት።